ውሃም ሲያንቅ፦ ስለ አካላዥያ የሚባለውና እውነታው

«ጨጓራ ነው፣ ተልባ ጠጣበት።» እህል አልወርድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ይህንን ነው። ደረት ስለሚያቃጥልና የተበላው ተመልሶ ስለሚመጣ ሐኪምም ሊሳሳት ይችላል። አካላዥያ ግን ከአሲድ የሚመጣ አይደለም። የምግብ ቧንቧን የሚያዙት ነርቮች ይሞታሉ፤ ቧንቧው መግፋት ያቆማል፣ ወደ ጨጓራ የሚያስገባው በርም ስንውጥ መላላት ሲገባው ጠብቆ ይቀራል። በዓመት ከ100,000 ሰው አንዱን ገደማ ስለሚይዝ ብዙ ሐኪም አይቶት ላያውቅ ይችላል።

መተት ነው የሚልም፣ እንጥል የሚያስቆርጥም አለ። እንጥል ላንቃ ላይ ነው፤ ያልተከፈተው በር ከደረት ግርጌ። ትርፉ መድማትና ማመርቀዝ ብቻ ነው።

«ውሃ ካለፈ ችግር የለም» የሚባለውም ያዘናጋል። በአካላዥያ ጠጣሩም ፈሳሹም ያስቸግራል። ታማሚው ማዕድ ላይ ጉርሻ ይሸሻል፣ በየመሀሉ ውሃ ይጨልጣል፣ ተነሥቶ ደረቱን ይወጥራል። ሌሊት ትራሱ ላይ ያልተፈጨ እህል ያገኛል፤ ጨጓራ ስላልደረሰ የአሲድ ጣዕም የለውም። ይህንን ለሐኪሙ መንገር ከአሥር የመድኃኒት ወረቀት ይበልጣል። መጀመሪያ ጠጣሩ፣ ቆይቶ ፈሳሹ እምቢ ካለ ግን ካንሰር ይጠረጠራል። በተለይ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በሚበዛባቸው በአርሲና በባሌ ኢንዶስኮፒ መታለፍ የለበትም።

ይሁንና «ኢንዶስኮፒው ንጹህ ነው» ተብሎ ነገሩ አይዘጋም፤ በሽታው ሲጀምር ላይታይ ይችላል። የባሪየም ራጅ ይጠየቅ፦ ቆሞ ጠጥቶ በ1፣ በ2 እና በ5 ደቂቃ ይነሣል፤ የቧንቧው ጫፍ እንደ ወፍ ምንቃር ሹል ሆኖ ይወጣል። ማረጋገጫው የቧንቧውን ግፊት የሚለካው ማኖሜትሪ ነው።

ውጭ አገር ካልተሄደ አይዳንም የሚለው ተስፋ ማስቆረጥ ነው። ጀርመናዊው ኤርነስት ሄለር የበሩን ጡንቻ በቀዶ ጥገና የከፈተው በ1913 ነበር፤ ሥራው ዛሬም በእኛም አገር ትልልቅ ሆስፒታሎች ይሠራል። በፊኛ ማስፋትም አለ። በ2008 ጃፓናዊው ሐኪም ሃሩሂሮ ኢኖዌ ያለ ውጫዊ ቁስል፣ በአፍ በኩል ጡንቻውን በኢንዶስኮፒ መክፈት ጀመረ። «ዶክተር፣ ይህንን ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ነርቩ ግን አይመለስም። በሩ ከተከፈተ በኋላም እህሉ የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ነው፤ አሲድም ወደ ላይ ሊወጣ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም። ቀና ብሎ በዝግታ መብላት፣ እራትን ቀደም ማድረግ፣ ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት የግድ ነው። ቤተሰብም «በሞቴ!» እያለ በጉርሻ አያስጨንቀው።