ኬሚካል ምህንድስና የጨረሰች ልጅ «ማስተርስ ልቀጥል» ስትል

በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ነው። ልጅቱ አምስት ዓመት ተምራ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፋ ትመረቃለች። ፎቶው ተሰቅሎ፣ ዘመድ አዝማድ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ሳይጨርስ «ማስተርስ ልቀጥል ነው» ትላለች። አባት «ሥራስ?» ይላሉ። እናት አፍ አውጥተው ባይናገሩትም ትዳሯን ያስባሉ። አያት ደግሞ «ይኼ ትምህርት ማለቂያ የለውም እንዴ?» ይላሉ። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ የሚከብደው ቤተሰቡ ልጅቱ ምን እንደምትማር በቅጡ ስለማያውቅ ነው። ሐኪም ምን እንደሚሠራ እናውቃለን፤ ጠበቃም እንዲሁ። ኬሚካል ምህንድስና ሲባል ግን ለብዙዎቻችን ከሳሙናና ከፀረ ተባይ ያለፈ ነገር አይታየንም።

እንደ እውነቱ ከሆነ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የዚህን ትምህርት ግማሽ አይቷል። ድፍድፉ ማሰሮ ውስጥ ይፈላል፤ አልኮሉ 78 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ከውኃው ቀድሞ ይተንናል፤ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ውኃ ውስጥ በተነከረው ዕቃ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ ይላል። የወጣው እንደገና ሲወጣ ዳግም ይሆናል፤ ይከርራል። ኬሚካል መሐንዲስ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በማሰሮ ሳይሆን በሺህ ሊትር መሆኑ ላይ ነው። እሳቱ ምን ያህል ይሁን? ውኃው በምን ፍጥነት ይቀዝቅዝ? ስንት ጊዜ ይደገም? አንድ ብር የሚያስወጣውን በሃምሳ ሳንቲም እንዴት እንሥራው? እዚህ ላይ እናቶቻችን በእጃቸው የሚያውቁትን ልጅቱ በቁጥር ታውቀዋለች።

ከኬሚካል ጎን ሁለት ዘመዶች አሉት። የቁሳቁስ ምህንድስና ዕቃው ከምን ይሠራ ብሎ ይጠይቃል፤ ሲሚንቶው፣ ጡቡ፣ ፕላስቲኩ፣ ብረቱ። የአካባቢ ምህንድስና ደግሞ ከሥራው የተረፈው የት ይድረስ ይላል። ሦስቱ የሚገናኙበትን ቦታ ለማየት የቆዳ ፋብሪካን ማሰብ ይበቃል። ቆዳ የሚለፋው በአብዛኛው በክሮሚየም ጨው ነው፤ ከገባው ክሮሚየም ጥቂት የማይባለው ቆዳው ላይ ሳይቀር ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ማልፋቱ የኬሚካል፣ ቆዳው የቁሳቁስ፣ ፍሳሹ የአካባቢ ጉዳይ ነው። ወንዙ ግን ሦስት አይደለም።

ሁለተኛ ዲግሪ ምን እንደሚጨምር ለመረዳት ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ከወንጂ እስከ መቂ፣ ከዝዋይ እስከ ሐዋሳ ዙሪያ ያደገ ሰው ጥርስ ላይ የሚታየውን ቡናማ ቀለም የማያውቅ የለም። ብዙ አያቶች ከትምባሆ ወይም ካለመፋቅ የመጣ ይመስላቸዋል፤ ልጆችም ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ምክንያቱ ግን የጉድጓድ ውኃው ነው። የአካባቢው ዐለት የእሳተ ገሞራ ውጤት በመሆኑ ከመሬት ውስጥ በሚወጣው ውኃ ፍሎራይድ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል፤ በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ የሚበላሸው ድድ ውስጥ ገና ሲሠራ፣ ማለትም በልጅነት ነው። ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ያደነድናል፣ ወገብና አንገት ያስራል። በወንጂ የስኳር እርሻ ለረጅም ጊዜ የኖሩ ሠራተኞች ላይ ሐኪሞች ይህንን አይተው መዝግበዋል።

እዚህ ላይ ለአያቶች አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ውኃውን ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይዱ እዚያው ነው፤ ውኃው ተንኖ ሲቀንስ እንዲያውም ይወፍራል።

ታዲያ ምን ያወጣዋል? ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር በደንብ በማያገኝበት ምድጃ ይከስላል፣ ይደቅቃል፣ ውኃው በላዩ ያልፋል። አጥንቱ ውስጥ ያለው ማዕድን ፍሎራይዱን ይይዘዋል። ሲወራ ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን እሳቱ ካነሰ ውኃው ይሸታል፣ ከበዛ ደግሞ ከሰሉ የመያዝ ጉልበቱን ያጣል። በየስንት ወሩ ይቀየር? የሞላው ከሰል የት ይጣል? «የምን እንስሳ አጥንት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ጾመኛ ምን ይመለስለት? አንዲት ተማሪ ሁለት ዓመት የምትሰጠው ለእንዲህ ዓይነቱ አንድ ጥያቄ ነው፤ ምናልባትም ለምድጃው ሙቀት ብቻ። የመጀመሪያ ዲግሪ የታወቀውን ያስተምራል። ሁለተኛው ያልታወቀውን አንድ ነገር ፈልገሽ አምጪ ይላል።

ወደ ቤት እንመለስ። በአገር ውስጥ ይህ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ፣ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባና በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በሌሎችም ይሰጣል። መደበኛው ጊዜ ሁለት ዓመት ሲሆን የመጀመሪያው በክፍል ትምህርት ይሞላል። ይህ ቤተሰብ የሚያውቀው ዓይነት ትምህርት ነው፤ ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ ትፈተናለች። ጭቅጭቁ የሚነሳው በሁለተኛው ዓመት ነው። ልጅቱ አንዳንድ ሳምንት ሌሊቱን ላብራቶሪ ታሳልፋለች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቤት ትቀመጣለች። «ጨርሰሻል ወይስ አልጨረስሽም?» ይባላል። አልጨረሰችም፤ የምትጠብቀው ኬሚካል አልገባም፣ ወይም ናሙናዋ የሚለካበት መሣሪያ ሌላ ተቋም ስለሆነ ወረፋ ይዛለች። አንድ ጠርሙስ ኬሚካል ከውጭ እስኪመጣ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ልጁ ሰነፈች ብሎ ያዝናል፤ እሷም ማስረዳት ይደክማትና ዝም ትላለች።

ስለዚህ ከመመዝገቧ በፊት ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ ስለ አማካሪዋ መጠየቅ ይሻላል። አማካሪ ማለት የመመረቂያ ጽሑፏን የሚመራው መምህር ነው። ከእሱ ጋር የጀመሩ ተማሪዎች በስንት ጊዜ ጨረሱ? የምርምር ገንዘብ አለው ወይስ ኬሚካሉን ተማሪዋ ከኪሷ ትገዛለች? የሚያስፈልገው መሣሪያ ግቢው ውስጥ ይሠራል? ስሙ የገነነ ተቋም ውስጥ አማካሪ አጥታ ከምትንከራተት፣ ስሙ ባልተወራለት ቦታ ከሚከታተላት መምህር ጋር ብትሠራ እመርጣለሁ። ይህን መረጃ የሚሰጧት ከእሷ አንድ ዓመት የቀደሙ ተማሪዎች ናቸው።

አሁን ገንዘብ ወደሚፈስበት ጉዳይ። «ውጭ ሄጄ ልማር» ስትል ብዙ ቤተሰብ ወዲያው ወደ ደላላ ይሮጣል፤ መሬት የሚሸጥ፣ ዕቁብ የሚያስቀድም አለ። በዚህ የትምህርት ዘርፍ ግን አንድ ትልቅ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በኬሚካል ምህንድስና ለዶክትሬት የሚቀበሉትን ተማሪ በአብዛኛው ራሳቸው ይከፍሉታል። የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፣ ለምርምር ወይም ለማስተማር ረዳትነቱ ወርኃዊ ገንዘብ ይሰጠዋል። ለመኖር እንጂ ለመክበር የሚበቃ አይደለም። ለዚህም ማስተርስ የግድ አይደለም፤ ጥሩ ውጤት ያላት ልጅ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ማመልከት ትችላለች። ዘመኑ አምስት ዓመት ገደማ ነው። በዚያው አገር ማስተርስ ግን ብዙውን ጊዜ ተማሪው የሚከፍለው ነው። እንግዲህ የአንድ ቤተሰብ ዕዳና ዕፎይታ የሚለየው ማመልከቻው ላይ በተጻፈችው አንዲት ቃል ሊሆን ይችላል።

ጀርመን ደግሞ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። «ነጻ ነው» ብሎ የሚያወራው ደላላ ግን ስለ ዝግ ሒሳቡ አይናገርም። ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ ቪዛ ለማግኘት የአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ማሳየት አለበት፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ መጠኑ 11,904 ዩሮ ሆኗል። በአንጻሩ የጀርመኑ ዳአድ፣ የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ፣ የቻይና፣ የኮሪያና የሀንጋሪ መንግሥታት ስኮላርሺፖች መኖሪያንም የሚሸፍኑ ናቸው። ማመልከቻዎቹን ልጅቱ ራሷ በኢንተርኔት ትሞላለች። ለፕሮፌሰሩ ደብዳቤ መጻፍም ገንዘብ አያስወጣም፤ እንዲያውም ደላላ የጻፈው ደብዳቤ ከሩቅ ይታወቃል።

የቅበላ ደብዳቤ እና ስኮላርሺፕ አንድ አይደሉም። ደብዳቤው ሲመጣ እልል ከማለት በፊት ልጅቱ ቁጭ ብላ በአማርኛ ትተርጉምላችሁ። የትምህርቱን ማን ይከፍላል? የመኖሪያውን ማን? ለስንት ዓመት? ገንዘቡ በየዓመቱ የሚታደስ ከሆነ በምን ውጤት? ለእነዚህ መልስ የሌለው ወረቀት «ገንዘብሽን ይዘሽ ነይ» የሚል ወረቀት ነው።

ሥራን በተመለከተ መዋሸት አያስፈልግም። ሁለተኛ ዲግሪ ሥራ አያረጋግጥም። ብዙ ፋብሪካ የሚፈልገው የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውንና ፈረቃ የሚገባውን ነው፤ ማስተርስ ያላትን «ነገ ትሄዳለች» ብሎ የሚፈራ አሠሪም አለ። በሌላ በኩል ዩኒቨርሲቲ ማስተማር፣ የምርምር ተቋም መግባት፣ የጥራት ላብራቶሪ መምራት የምትሻ ከሆነ ያለሱ አይሆንም። የአካባቢ ዘርፍም የራሱ በር አለው፤ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ወዲህ ዓይነታቸው የተለየ ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ስለሚያስፈልጋቸው ይህን የሚሠራ ባለሙያ ይፈለጋል።

የእኔ አስተያየት፣ ከተገኘ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሠርታ ብትገባ የተሻለ ነው። ቢራ፣ ሲሚንቶ ወይም ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የዋለች ልጅ የምርምር ጥያቄዋን ከመጽሐፍ አትፈልግም፤ በየቀኑ እየተበላሸ የሚያስቸግራትን ታውቀዋለች። ደግሞ አሠሪዋ የማታ ወይም የሳምንት መጨረሻ ትምህርቱን ሊከፍልላት ይችላል። ውጤቷ በጣም ከፍ ያለና ዶክትሬት የምታስብ ከሆነች ግን ማዘግየቱ አያስፈልግም።

ትዳርና ልጅ ይህን ትምህርት አይከለክሉም። ሆኖም ላብራቶሪ እንደ ንባብ አይደለም፤ የተጀመረ ሙከራ ሕፃን አለቀሰ ተብሎ አይቋረጥም። የልጅ ልጅ ይዘው የሚቀመጡ አያት እዚህ ላይ ከማንም ስኮላርሺፕ በላይ ናቸው። ቤት ውስጥ ልብ የሚባሉ ነገሮችም አሉ። የላብራቶሪ ጋዋኗ ከሕፃን ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ፤ የሚሻለው እዚያው ግቢ ቢቀር ነው። ምሳ ዕቃዋ ላብራቶሪ ውስጥ አይከፈትም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም የምታጠባ ከሆነ ለአማካሪዋ ቀድማ ትንገር፤ አንዳንድ ኬሚካሎች በዚያ ጊዜ የማይነኩ ናቸው፤ ሙከራውን መቀየር ወይም ማዘግየት ይቻላል። አፍራ የምትደብቅ ብዙ ናት፤ እናት ብትጠይቅ ይቀላታል።

በመጨረሻ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትከላከልበት ቀን ይመጣል። ብዙ ወላጅ የሚያውቀው ጋዋን የሚለበስበትን የምርቃት ቀን ብቻ ነው፤ እውነተኛው ቀን ግን ይህኛው ነው። ፈታኞች ፊት ቆማ ሥራዋን ታቀርባለች፣ ይጠይቋታል፣ ትመልሳለች። ከዚያ ሁሉንም ሰው ከክፍሉ አስወጥተው ይመካከራሉ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ጥበቃ ከማንኛውም ፈተና ይረዝማል። ክርክሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሁሉም ነገር ላይገባ ይችላል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሰው ክፍት ነው፤ ቤተሰብ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ቀኑን አስቀድመው ይጠይቋት፤ እሷ ላትናገር ትችላለች።