ኤልኒኖ ሲባል ወዲያው ጎተራ አትቆልፉ

የኤልኒኖ ወሬ በተነሳ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ልያዘው ወይስ ልልቀቀው?» በአጭሩ መመለስ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። አንድ ጊዜ በአጭሩ መልሼ ሰው አክስሬያለሁ።

ሰኔ 2015 ዓ.ም. ነው። አሜሪካኖቹ ኤልኒኖ መጀመሩን ባወጁ ሰሞን፣ ያቤሎ አካባቢ ከብት የሚያረቡ፣ ጋሼ የምላቸው ደንበኛዬ ደወሉ። ቦረናን አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከድቶት፣ ከመንጋቸው የተረፈው በጣት የሚቆጠር ነበር። «ልጄ፣ አንተ ታነባለህ። የቀሩትን ልሽጣቸው ወይስ ልታገስ?» አሉኝ። እኔም የ2007ን ክረምት አስታውሼ «ጋሼ፣ ኤልኒኖ ማለት ድርቅ ነው፤ አሁኑኑ ይሽጡ» አልኳቸው። ሸጡ። ከሲታ ላም በምን ዋጋ እንደምትሄድ ታውቃላችሁ።

ጥቅምትና ኅዳር 2016 ላይ ዝናቡ መጣ። መጣ ብቻ አይደለም፣ በሶማሌ ክልልና በደቡቡ ቆላ ጎርፍ ሆነ። ሳሩ ተመለሰ፣ የምትወልድ ላም ፈላጊ በዛ። ጋሼ መልሰው ሊገዙ ሲጠይቁ የተነገራቸውን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም። እሳቸው አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ስህተቴ የት ላይ ነበር? ነገሩ የሚጀምረው ከእኛ እጅግ ርቆ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ነው። በደህናው ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የሞቀውን የላይኛውን ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል፤ በፔሩ በኩል ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ነፋሱ ሲደክም ሙቁ ውሃ ወደ ፔሩ ይመለሳል፣ ደመናውም ይከተለዋል። ኤልኒኖ ይኼ ነው። ነፋሱ ከልክ በላይ ሲበረታ ደግሞ ላኒና ይባላል። መሐል ፓስፊክ ከአማካዩ በግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ከሰነበተ ዓለም ጆሮውን ያቆማል። ግማሽ ዲግሪ! በእጅ ብትነኩት እንኳ አይለይም።

ሀገራችን ግን አንድ ዓይነት ዝናብ የላትም። ኤልኒኖ በአብዛኛው የሚያደክመው ክረምቱን፣ ማለትም የሰሜንና የመሐል ደጋውን የጤፍና የስንዴ ዝናብ ነው። በ2007 ያየነው እሱን ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ለቦረናና ለሶማሌ ግን ክረምት ደረቅ ወቅት ነው። የእነሱ ዝናብ በበልግ፣ ከዚያም ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር ድረስ ነው፤ ሁለተኛውን ቦረና ሃጋያ፣ ሶማሌ ዴይር ይሉታል። ይኼን ሁለተኛውን ኤልኒኖ ያበረታዋል እንጂ አይገድለውም። በተለይ የሕንድ ውቅያኖስ በእኛ በኩል ከሞቀ፣ እንደ 2016ቱ ይሆናል። ለአምስቱ ወቅት መክሸፍ አንዱ ዋና ምክንያት ላኒና ነበር። እኔ ለደጋ ጤፍ የሚሆነውን መልስ ለቆላ ከብት ሰጠሁ።

የውጭውም ገበያ በጠማማ መንገድ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኤልኒኖ ሲመጣ ፔሩ ውስጥ አንቾቬታ የምትባል ትንሽ ዓሣ ተመናመነች (ከመጠን በላይ መጠመዷም ተጨምሮበት)። ይቺ ዓሣ ተፈጭታ የዓለም ዶሮና አሳማ መኖ ነበረች። መኖ አምራቹ ወደ አኩሪ አተር ዞረ፣ ዋጋው ናረ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1973 አሜሪካ አኩሪ አተር ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች። ጃፓን ደንግጣ ፊቷን ወደ ብራዚል አዞረች፣ እርሻ ለማስፋፋትም ገንዘብ አወጣች። ዛሬ በአኩሪ አተር ምርት ብራዚል የዓለም አንደኛ ናት።

ዘይት የምትነግዱ ደግሞ መዘግየቱን ልብ በሉ። የፓልም ዛፍ ዛሬ ቢጠማው ፍሬው የሚቀንሰው ከወራት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. የ2015 ኤልኒኖ የማሌዢያን ምርት በደንብ የመታው በ2016 ነው፤ ከ20 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወደ 17 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ሩዝ ግን አጨዳ እንኳ አይጠብቅም። ሕንድ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2023 ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይላክ ስታግድ የዚያ ክረምት ሰብል ገና ማሳ ላይ ነበር፤ ዋጋውን የሰቀለው ፍርሃቱ ነው። እንጀራ ላይ ሩዝ የሚቀላቅል ቤት ሁሉ ያስታውሰዋል።

ስለዚህ ጥያቄ ስትልኩልኝ ቦታችሁን፣ የያዛችሁትንና ዝናባችሁ የሚመጣበትን ወር አብራችሁ ጻፉ። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ሲያወጣም የሌላውን አካባቢ ትታችሁ የራሳችሁን ፈልጉ። ጋሼ አሁንም ይደውላሉ፤ አሁን መጀመሪያ የምጠይቃቸው እኔ ነኝ።

የእህል በረንዳን ዋጋ እንደተለመደው ማታ እለጥፋለሁ።