ኃይሌ የቆመው ኒውዮርክ ላይ ነው?

በእኛዋ የጋይንት ከተማ፣ በንፋስ መውጫ፣ ቡና ቤት ገብቶ የሩጫ ወሬ ያነሳ ሰው ቶሎ አይወጣም። ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበው ሽማግሌም፣ ደብተሩን በብብቱ የያዘው ተማሪም ኃይሌ ገብረሥላሴ እንዴት እንደጀመረ ያውቃሉ፤ ከአሰላ አጠገብ ደብተር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት መሮጡን እያቀባበሉ ይነግሩሃል። እንዴት ጨረሰ ስትላቸው ግን መልሱ አንድ ነው፤ ኒውዮርክ ላይ አልቅሶ አቆመ። ከዚያ በኋላ ስላሉት አራት ዓመት ተኩል የሚያነሳ የለም። (የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ ኃይሌን ከሩጫ ያወጣው የኒውዮርኩ ጉልበት ነው።

ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ይህ ወሬ የማይሞተው። ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. ኃይሌ የኒውዮርክን ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሮጥ ተሰለፈ። ጉልበቱ ግን ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ቋጥሮ ነበር። 26ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከኩዊንስ ወደ ማንሃተን የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ሲደርስ አቋረጠ። ከዚያ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ፣ እንባ እየተናነቀው፣ በቃኝ፣ ለወጣቶቹ ቦታ ልልቀቅ አለ። ያን ምስል አገር ሁሉ አየው። በዚያው ቀን ውድድሩን ያሸነፈው ደግሞ ኢትዮጵያዊው ገብሬ ገብረማርያም ነበር፤ ያውም ማራቶን ሲሮጥ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ ስንቱ ያስታውሰዋል?

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ኃይሌ ሐሳቡን እንደቀየረና እንደሚቀጥል አስታወቀ። እንባ ያልነበረበት ዜና ስለሆነ ይመስለኛል ሰው ልብ ውስጥ ያልገባው። በግንቦት 2003 ማንቸስተር ላይ የ10 ኪሎ ሜትሩን የጎዳና ውድድር አሸነፈ። በዓመቱ፣ በ39 ዓመቱ፣ እዚያው ተመልሶ በ27 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ደገመው። የቆመ ሰው እንዲህ አይሮጥም።

ጉልበት የእውነት ሲያስቆም ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ወደ ቅርጫት ኳስ ይሂድ። ኮንጓዊው ዲኬምቤ ሙቶምቦ ሴንተር ነበር፤ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ የተጋጣሚን ኳስ የሚመልስ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ18። የአሜሪካው ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ብሎ አራት ጊዜ ሸልሞታል። ለ18ኛና ለመጨረሻው የውድድር ዘመኑ ከሂዩስተን ሮኬትስ ጋር የፈረመው ታኅሣሥ 22 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ በመደበኛው ውድድር 9 ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። ሚያዝያ 13፣ ፖርትላንድ ላይ፣ ጨዋታው ገና ሳይሟሟቅ ከግሬግ ኦደን ጋር ተጋጨና ወደቀ። የግራ ጉልበቱ ነገር ማለቁን እዚያው አውቆት ነበር፤ ከጨዋታው በኋላ የቅርጫት ኳስ ዘመኔ አበቃ አለ፣ አልተመለሰምም። ዕድሜው 42 ነበር። ኃይሌም የምር ሲያበቃ 42 ዓመቱ ነው፤ ልዩነቱ የእሱን ማብቂያ የወሰነለት ጉልበቱ አለመሆኑ ነው።

ተረት፦ ኃይሌን የጨረሰው ኬንያዊው ፓትሪክ ማካው ነው።

ማካው የወሰደው የማራቶን ክብረ ወሰኑን ነው። ኃይሌ መስከረም 18 ቀን 2001 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ጨርሶ፣ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆኖ ነበር። መስከረም 14 ቀን 2004 እዚያው በርሊን ላይ ማካው ፍጥነቱን ሲለውጥ ኃይሌ መከተል አቃተው፣ ኋላም አቋረጠ፤ ማካው በ2:03:38 ገባ። ሽንፈቱ ከባድ ነበር፣ አይካድም። ከአራት ሳምንት በኋላ ግን ኃይሌ በርሚንግሃም ላይ ግማሽ ማራቶን አሸነፈ።

ተረት፦ ከኒውዮርክ በኋላ የሚሮጠው ለስሙ ክፍያ እንጂ አቅም አልነበረውም።

አዘጋጆች ለታዋቂ ሯጭ ስለ መገኘቱ ብቻ እንደሚከፍሉ የተደበቀ ነገር አይደለም። ይህን የሚሉ ሰዎች ግን መስከረም 5 ቀን 2006 ሰሜን እንግሊዝ ላይ የተደረገውን ግማሽ ማራቶን፣ ታላቁን የሰሜን ሩጫ፣ ቢያዩት ደስ ይለኛል። ፊት ላይ ሦስት ሰዎች ተነጥለው ይሮጣሉ፤ የ31 ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለ፣ የ30 ዓመቱ ሞ ፋራህ፣ የ40 ዓመቱ ኃይሌ። ሁለቱ ወጣቶች ከኋላው አድፍጠው ፍጥነቱን ሲጎትት የነበረው ብዙውን መንገድ ሽማግሌው ነው። መጨረሻ ላይ ቁልቁለቱን ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ቀነኒሳ አፈተለከ፤ በ60:09 ገባ፣ ፋራህ አንድ ሰከንድ ዘግይቶ ተከተለው። ኃይሌ በ60:41 ሦስተኛ ሆነ። በሩጫ ታሪካችን እንደዚያ ቀን ሦስተኛነት ደስ ያለኝ የለም። በዚያው ወር መጨረሻ ግላስጎው ላይ በ61:09 አሸነፈ፤ ለክብረ ወሰን በሚቆጠር መንገድ ላይ፣ ከ40 ዓመት በላይ ላሉ ሯጮች የዓለም ፈጣኑ የግማሽ ማራቶን ሰዓት ሆኖ ተመዘገበ።

ጉድለቱንም አንሸፍን። በማንቸስተር ባሸነፈ በሳምንቱ፣ ግንቦት 19 ቀን 2004፣ የለንደን ኦሊምፒክን ትኬት ሊቆርጥ ሄንግሎ ላይ 10 ሺህ ሜትር ሮጦ ሰባተኛ ወጣ፤ ኦሊምፒኩም አመለጠው። ሚያዝያ 2006 በለንደን ማራቶን የተሰለፈው ደግሞ በአሯሯጭነት ነበር።

ተረት፦ ደጋ ያደገ ሯጭ አያረጅም።

ይህችኛዋ የእኛው የጋይንት ናት። ብርዳችንና ንፋሳችን ሳንባ ያጠነክራሉ ብለን ስለምናምን አጥንትም የሚያድሱ ይመስለናል። ከፍታ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲጨምር ያደርጋል፣ ይህ እውነት ነው። ጅማት ግን ዳገት አያውቅም፤ ኃይሌ ከሲድኒ ኦሊምፒክ በኋላ የተረከዝ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙም በዕድሜ መቀነሱ አይቀርም፣ ደገኛም ቢሆን። ከፍታ ብቻውን ቢበቃማ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የተቀመጠችው ንፋስ መውጫ የሯጮች መፍለቂያዎቹን አሰላንና በቆጂን ቁልቁል እያየች ሜዳሊያውን በጠቀለለችው ነበር።

ታዲያ መጨረሻው የት ነው? ማንቸስተር፣ ግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.። አምስት ጊዜ ባሸነፈበት መንገድ 10 ኪሎ ሜትሩን በ30:05 ጨርሶ 16ኛ ወጣ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ከሮጠው ሰዓት በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ የዘገየ ነው። ለተመልካቹ እጁን እያውለበለበ ገባ፤ ከዚያም ከውድድር መሰናበቱን ተናገረ። ሩጫ ራሱን እንደማይተው ግን አብሮ አስታውቋል። የሚሰብር ክብረ ወሰን፣ የሚያለቅስበት መድረክም አልነበረም፤ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ቀኑ ያልታወሰው።

አንዳንዱ ደግሞ ሩጫውን የተወው ለፓርላማ ሊወዳደር ነው ይላል። በ2005 እንዲህ ያለ ሐሳብ እንዳለው በራሱ አንደበት ስለተናገረ መነሻ አለው። ምርጫው የተካሄደው ግንቦት 16 ቀን 2007 ነው፣ ከማንቸስተሩ ስንብት ሁለት ሳምንት በኋላ፤ ኃይሌ ዕጩ አልነበረም። የተመረጠው በሌላ ነው፦ በ2009 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። ከዚያ ወንበር ደግሞ በ2011 በራሱ ፈቃድ ለቀቀ፤ ያኔስ ሐሳቡን አልቀየረም።