ከሩጫ የራቁ ሯጮች በብስክሌትና በውሃ ውስጥ የሚያገኙት ብቃትና ደስታ

ዘወትር ማለዳ መሮጥ ለለመደ ሰው “ለስድስት ሳምንት እንዳትሮጥ” የሚል የሐኪም ትዕዛዝ መስማት ቀላል አይደለም። የሚታመመው ጉልበት ወይም ጅማት ብቻ አይደለም። የዕለቱ ሥርዓት ይናጋል፤ ከልምምድ ጓደኞች ጋር ያለው ግንኙነት ይላላል፤ ለወራት የተለፋበት ብቃትም እንደ ጉም በንኖ የሚጠፋ ይመስላል።

በዚህ ስጋት የተነሳ ብዙዎች ሳያገግሙ ወደ ሩጫ ይመለሳሉ። ውጤቱም ብዙ ጊዜ የባሰ ጉዳትና የረዘመ እረፍት ይሆናል።

ከዚህ የተሻለው መንገድ በስፖርቱ ዓለም ክሮስ ትሬኒንግ በመባል ይታወቃል። ይህም የተጎዳውን የሰውነት ክፍል ሳይጫኑ ብስክሌት በመንዳት፣ በመዋኘት፣ በውሃ ውስጥ በመሮጥ ወይም በጂም መሣሪያዎች በመታገዝ ሥልጠናን መቀጠል ነው። እንደ መራራ መድኃኒት በግድ የጀመሩትን እንቅስቃሴ እያደር የሚወዱት ሯጮች ጥቂት አይደሉም።

ብቃት በምን ያህል ፍጥነት ይቀንሳል?

ሥልጠና ሙሉ በሙሉ ሲቆም ቀድሞ የሚቀንሰው በደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ መጠን ነው። በዚህም ምክንያት ልብ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ደም ያንሳል።

እአአ በ1984 የታተመና በስፋት የሚጠቀስ አንድ ጥናት በሚገባ የሠለጠኑ ሰዎች ልምምድ ካቆሙ በኋላ የነበራቸውን ለውጥ ተከታትሏል። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ በ7 በመቶ፣ በስምንት ሳምንት ደግሞ በ16 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል።

ይህን ማሽቆልቆል ለመግታት የግድ መሮጥ አያስፈልግም። ጡንቻዎች ብዙ ኦክስጅን እስከጠየቁ ድረስ ጥያቄው ከመሮጥ ይምጣ ፔዳል ከማዞር፣ ልብና ሳንባ ሥራቸውን ይሠራሉ። ሆኖም የእግር አጥንትና ጅማት መሬት ሲረግጡ የሚያርፍባቸውን ጫና የመቋቋም ልምዳቸውን የሚያገኙት ከሩጫው ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላው እንቅስቃሴ ሩጫን ሙሉ በሙሉ አይተካም።

ክብደትን የሚሸከም ውሃ

አንድ ሰው ሲሮጥ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር የሚያርፍበት ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ውሃ ውስጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሮቹ የሚሸከሙት የክብደቱን ግማሽ ያህል ነው፤ እስከ አንገቱ ሲገባ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሯጭ በዚያ ጥልቀት 6 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይሸከማል ማለት ነው።

ጥልቅ ውሃ ውስጥ ተንሳፋፊ ቀበቶ ታጥቆ፣ እግር ወለሉን ሳይነካ መሮጥም ይቻላል። እንቅስቃሴው አሰልቺ እንዳይሆን አንድ ደቂቃ በብርቱ፣ ሠላሳ ሰከንድ ቀለል አድርጎ እያፈራረቁ መሥራት ይረዳል። ውሃ ውስጥ የልብ ምት ዝቅ ስለሚል ከሰዓቱ ቁጥር ይልቅ በትንፋሽና በድካም ስሜት መመዘን ይሻላል። ዋና የማይችል ሰው ግን ያለ ተቆጣጣሪ ወደ ጥልቅ ውሃ መግባት የለበትም።

በ17 ቀናት ውስጥ

አሜሪካዊቷ ጆን ቤኖይት እአአ በ1984 የአገሯ የኦሊምፒክ ማራቶን ማጣሪያ ሊካሄድ 17 ቀናት ሲቀሩት የጉልበት ቀዶ ሕክምና አደረገች። መሮጥ ባልቻለችባቸው ቀናት በእጆቿ የብስክሌት ፔዳል ታዞር ነበር።

አትሌቷ ማጣሪያውን አሸነፈች። ሦስት ወር ሳይሞላም በሎስ አንጀለስ በተካሄደው የመጀመሪያው የሴቶች ኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ የወርቅ ሜዳሊያ አጠለቀች። ድሉ የዓመታት ልፋቷ ውጤት ቢሆንም፣ ሐኪም ሩጫ ሲከለክል ሥልጠና ሁሉ እንደማይቆም አሳይቷል።

ደስታው ከየት ይመጣል?

የረጅም ጊዜ ሯጭ እያንዳንዱን ልምምድ ከትናንቱ ሰዓት ጋር ያነጻጽራል። ብስክሌት ላይ ወይም ገንዳ ውስጥ ግን የሚያነጻጽረው የቀድሞ ሰዓት የለውም፤ ጀማሪ ነው። የጀማሪ መሻሻል ደግሞ ፈጣን ነው። ትንፋሹን ከክንዱ ምት ጋር ማስማማት ያቃተው ሰው በሳምንታት ውስጥ ገንዳውን ሳያርፍ ሲያቋርጥ የሚሰማው እርካታ ከማገገሚያነት ያልፋል።

ብስክሌትም የራሱ ዓለም አለው። በኤርትራ ብስክሌት እጅግ ተወዳጅ ስፖርት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ካለችው አሥመራ የተገኘው ብንያም ግርማይ፣ እአአ በ2024ቱ ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወስዷል። አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገዶች አግኝታለች። የመኪናውን ግርግር የሚፈራ ሰው ደግሞ በጂም ውስጥ ባለው ብስክሌት መሥራት ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው

ለሁሉም ጉዳት የሚስማማ አንድ እንቅስቃሴ የለም። የብስክሌቱ መቀመጫ ዝቅ ካለ የጉልበት ሕመምን ሊያባብስ ይችላል፤ እግርን እንደ እንቁራሪት የሚያስወነጭፈው የዋና ዓይነትም የታመመ ጉልበት ላይ ጫና ያሳርፋል። የአጥንት ስንጥቅ ያለበት ሰው ምን መሥራት እንደሚችል መወሰን ያለበት ሐኪም ነው። በእንቅስቃሴው ወቅት ወይም በማግስቱ ጠዋት ሕመሙ ከጨመረ ማቆም ይገባል።

ወደ ሩጫ ሲመለሱም ትንፋሽ ከእግር ቀድሞ ዝግጁ ስለሚሆን ሰው በቀላሉ ይታለላል። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ እየሮጡና እየተራመዱ መጀመር፣ ሩጫውንም በየሳምንቱ በጥቂቱ መጨመር ይመከራል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለብስክሌት ወይም ለዋና መተው፣ ሯጩ በጉዳት ጊዜ ያገኘውን ደስታ ሳያጣ እግሮቹን ከተደጋጋሚ ጫና እንዲያሳርፍ ያስችለዋል።