ተጫዋቹ ሲፋለም ማን ይተርካል?

ሥራዬ ለቪዲዮ ጌሞች ታሪክና ንግግር መጻፍ ነው። ብዙውን ጊዜ የምሠራው አክሽን አርፒጂ በሚባለው ዘርፍ ነው፤ ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ረጅም ታሪክ ውስጥ ይገባል፣ ሰይፍ የሚመዘውም ከምት የሚያመልጠውም ግን በገዛ ጣቶቹ ፍጥነት ነው። በየስብሰባው አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ታሪኩ ስንት እጅ፣ ፍልሚያው ስንት እጅ ይሁን? እኔ ጥያቄው ከመነሻው ተጣሟል ባይ ነኝ። አንድ ፍልሚያ ሲያልቅ ተጫዋቹ ቀድሞ ያላወቀውን ካላወቀ፣ ወይም ለአንድ ሰው የነበረው ስሜት ካልተለወጠ፣ ያ ፍልሚያ የቱንም ያህል ቢያምር ታሪኩን አቁሞታል። ሰዓቱን ብናካፍለው የሚመጣ ለውጥ የለም።

የአገራችን ፎካሪ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከዚህ ቀደም ምን እንደሠራ ተናግሮ ነው የሚገባው። ሰሚው ጦር ሳይወረወር ማን ከማን ጋር፣ ስለምን እንደሚገጥም ተረድቷል።

ለባልደረቦቼ ይህን ለማስረዳት ደጋግሜ የማነሣው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ዳርክ ሶልስን ነው። ሂዴታካ ሚያዛኪ የመራው፣ የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር ሥራ ነው። እዚያ ውስጥ ሲፍ የሚባል ግዙፍ ግራጫ ተኩላ አለ። የሟች ጌታውን የአርቶሪያስን መቃብር ይጠብቃል፤ የሚዋጋውም ትልቅ ሰይፍ በአፉ ነክሶ ነው። ተጫዋቹ ጉዞውን ለመቀጠል የሚያስፈልገውን ቀለበት የሚያገኘው ሲፍን ገድሎ ነው። ፍልሚያው ሲጀመር ተኩላው ያስፈራል። ጉልበቱ ሊያልቅ ሲል ግን ማነከስ ይጀምራል፤ ሰይፉን ሊያወዛውዝ ሲል ይንገዳገዳል። አንድም ቃል አልተነገረም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለመትረፍ ሲታገል የቆየው ተጫዋች ድንገት የሚመታው የቆሰለ፣ ታማኝ እንስሳ መሆኑን ያያል፤ ለመምታትም እጁ ያመነታል። እዚህ ላይ ተራኪው አኒሜተሩ ነው፤ የእኔ ሙያ ምንም አልጨመረም።

በ2012 የወጣው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ጥልቅ አደረገው። ተጫዋቹ ወደ ቀድሞ ዘመን ሄዶ ገና ትንሽ የነበረውን ሲፍን ሊያድነው ይችላል። ይህን አድርጎ ወደ መቃብሩ የመጣ ሰው ሌላ ትዕይንት ይጠብቀዋል፤ ተኩላው ያሸተዋል፣ ያውቀዋል፣ ከዚያም ይዋጋዋል። የአመታቱ ስልት ያው ነው። ያንን ፍልሚያ በሁለቱም መንገድ የተጫወተ ሰው ግን ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ይዞ ይወጣል።

በሥራ ገበታ ላይ ሲደርስ ጉዳዩ ወደ ጥቃቅን ውሳኔ ይወርዳል። ገና ያላለቀ ጌም ተጫዋቾች ሲሞክሩት ተቀምጦ ማየት ብዙ ያስተምራል። በፍልሚያ መሐል ዓይናቸው የጠላት ትከሻ ላይ ነው፤ ጆሯቸው ምት መምጣቱን የሚያሳውቀውን ድምፅ ይጠብቃል። በዚያ ሰዓት የተነገረን ረጅም ዐረፍተ ነገር የሚሰማ የለም። ስለዚህ በውጊያ ውስጥ ከሦስት አራት ቃል የሚረዝም ንግግር አልጽፍም፤ ታሪኩን የሚያዞር ምስጢርም እዚያ አላስቀምጥም። ቦሱ፣ ማለትም የፍልሚያው ዋና ጠላት፣ ከወደቀ በኋላም ተጫዋቹ ወዲያው ቁም ነገር እንዲሰማ አልፈልግም። ልቡ ገና ይመታል። ባዶ ኮሪደር፣ የሚወጣ ደረጃ፣ የሚከፈት በር ስጡኝ እላለሁ፤ ከዚያ ገጸ ባሕርያቱ ይናገሩ። ለዚህች ባዶ ቦታ ስከራከር የዋልኩባቸው ቀናት አሉ።

የቦሱ የመግቢያ ንግግርም አለ። ልጁን ያጣ አባት የሚናገረው ቃል በመጀመሪያው ጊዜ ይነካል። ተጫዋቹ በተሸነፈ ቁጥር ያንኑ ቃል እንዲሰማ ከተገደደ ግን ሐዘኑ ወደ ንዴት ይለወጥና ስኪፕ የሚለውን ቁልፍ ይፈልጋል። ጌሙ ከንግግሩ በኋላ ካለው ቦታ መልሶ እንዲያስጀምር ማድረግ የፕሮግራመሩ ሥራ ይመስላል፤ ለእኔ የድርሰቱ አካል ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ሞት ነው። በታሪኩ ውስጥ ጀግናው በሕይወት አለ፤ በፍልሚያው ደግሞ ደጋግሞ ይሞታል። አብዛኛው ጌም ያንን ሞት እንዳልነበረ ቆጥሮ ያልፈዋል። ሱፐርጃያንት ጌምስ በ2020 አጠናቆ ያወጣው ሄዲስ ግን ታሪኩን እዚያው ላይ ሠራው። የሙታን ዓለም ገዢ ልጅ የሆነው ዛግሪየስ ከአባቱ ግዛት ለማምለጥ ይዋጋል፤ በሞተ ቁጥር ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል። ቤተኞቹ በማን እጅ እንደወደቀ እያነሡ ያዋሩታል፣ አዲስ ወሬም ይነግሩታል። መሸነፍ ታሪኩን ወደፊት ይገፋዋል። ፍልሚያው ለከበደው ሰው ደግሞ ጎድ ሞድ የሚባል አማራጭ አለ፤ የሚደርስበትን ጉዳት በ20 በመቶ ይቀንስለታል፣ በሞተ ቁጥር 2 በመቶ እየጨመረ እስከ 80 በመቶ ይደርሳል። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ ተጫዋቾች አሉ፤ አልስማማም። ማስ ኢፌክት 3 በ2012 ለታሪኩ ብቻ ለሚመጡ ሰዎች ፍልሚያውን የሚያቀል ምርጫ ሲያቀርብም ትክክል ነበር። ጣቱ ስላልፈጠነ ብቻ የታሪኩን መጨረሻ ሳያይ የሚቀር ሰው ሊኖር አይገባም።

በአህጉራችን ይህን ዘርፍ በድፍረት የሞከሩ አሉ። ካሜሩን ያውንዴ የሚገኘው ኪሮ ጌምስ በ2016 አውሪዮንን አወጣ። ጀግናው ኤንዞ ንግሥናውን በሚቀበልበት ቀን የሚስቱ ወንድም ዙፋኑን ይነጥቀዋል፤ እሱም ከሚስቱ ከኤሪን ጋር ለማስመለስ ይነሣል። ሲዋጋ የሚጠራው ኃይል ከቀደሙት አባቶቹ የወረሰው ነው፤ ስለዚህ ተጫዋቹ በተዋጋ ቁጥር የዘር ሐረጉን እየነካ ነው። ሐሳቡን በጣም እወደዋለሁ።

አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ ተቀምጣችሁ በአማርኛ ጌም ለመሥራት የምታስቡ ወጣቶች አንድ ነገር አደራ፦ ጸሐፊውን የመጀመሪያው ጠላት በሚነደፍበት ቀን ጥሩት። ፍልሚያው ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የተጠራ ጸሐፊ የሚተርፈው ሥራ በውጊያዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በወሬ መሙላት ነው።