ጸሐፊው እንቢ ቢልስ?



አባቴ የሰፈራችን ዕቁብ ጸሐፊ ናቸው። አንድ ምሽት ስለ ቢትኮይን ስተርክላቸው ቆይተው፣ «መዝገቡን የሚጽፈው ሰው ቢጠላህና ስምህን ቢዘለውስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያው ጥያቄ ነው።

ነገሩ በእውነት የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ቪዛ፣ ማስተርካርድና ፔይፓል የመንግሥታትን ምስጢራዊ ሰነዶች ለሚያወጣው ለዊኪሊክስ የሚላከውን ስጦታ አናስተላልፍም አሉ። ሰጪው ነበረ፣ ገንዘቡም ነበረ፤ እንቢ ያለው አሻጋሪው ነው። በ2011 ዊኪሊክስ ስጦታ በቢትኮይን መቀበል ጀመረ።

ይህ የተቻለው የቢትኮይን መዝገብ አንድ ጸሐፊ ብቻ ስለሌለው ነው። ላኪው ትእዛዙን ለሁሉም ያሰማል፤ ብዙ ጸሐፊዎችም በኮምፒውተር አንድ አድካሚ የቍጥር እንቆቅልሽ ለመፍታት ይሽቀዳደማሉ። በዐሥር ደቂቃ ገደማ አንዱ ይቀድምና አዲስ ገጽ ይጽፋል፤ ለድካሙም አዲስ ቢትኮይንና ላኪዎች የከፈሉትን ዋጋ ይወስዳል። እንግዲህ የጠላውን ሰው ቢዘል ዋጋው ይቀርበታል፤ ተከታዩ ይወስደዋል። የተዘለለውም ሰው ዋጋውን ከፍ አድርጎ ሌላውን ሊያጓጓ ይችላል። ከጠቅላላው የኮምፒውተር ጉልበት ከግማሽ በላይ የያዙት ካላደሙበት በቀር፣ ጸሐፊዎቹ ደጎች ወይም ደፋሮች መሆን አያስፈልጋቸውም፤ ገንዘብ መውደዳቸው ይበቃል። (ግብረ ገብ የሚያስተምሩን መምህር እንዳይቈጡኝ እሰጋለሁ።)

ነገር ግን ያው ፍቅረ ንዋይ ወደ ሌላ ሊያዞርም ይችላል። ኤተሪየም በሚባለው ሌላ መዝገብ ላይ የገንዘብን መነሻ የሚሸፍን ቶርኔዶ ካሽ የሚሉት መሣሪያ አለ። በኦገስት 2022 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ማዕቀብ ጣለበት። የኤተሪየም ጸሐፊዎች ገጹን ራሳቸው ከሚያዘጋጁት ይልቅ በአቀባይ በኩል ተዘጋጅቶ ሲመጣላቸው የበለጠ ያተርፉ ነበር፤ ዋናው አቀባይ ደግሞ ማዕቀቡን አክብሮ የቶርኔዶን ትእዛዝ ያስቀር ነበር። ስለዚህ በኖቬምበር ከግማሽ የሚበልጡት ገጾች እንዲህ ካሉ አቀባዮች የመጡ ሆኑ። የቀሩት ጸሐፊዎች ስለ ጻፉት ግን ትእዛዙ ዘገየ እንጂ አልቀረም። ማዕቀቡም በማርች 2025 ተነሣ።

ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ «የጸሐፊው ደመወዝ ሲያንስስ?» አሉኝ። የቢትኮይን ሽልማት መጀመሪያ በገጽ 50 ነበረ፤ በየአራት ዓመቱ ገደማ እየተገመሰ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ 3.125 ሆኗል፤ በመጨረሻ የሚቀረው የላኪዎች ዋጋ ብቻ ነው። ያ ብቻውን በቂ ጸሐፊዎችን ያኖር እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ይከራከሩበታል፤ እኔና አባቴም እንዲሁ።