ክዳኑ ሲዘጋ፦ በድሬዳዋ የማጠራቀሚያ ውኃ ውስጥ የሚካሄደው ኬሚስትሪ



ክዳን የሌለው ውኃ የሚያስከትለውን ጉዳት ድሬዳዋ በሚገባ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት በከተማዋ ተቀሰቀሰ። በ2022 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ወባን አዛመተች፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኖሪያም አልተረፈም። የሁለቱም በሽታዎች አስተላላፊ ትንኞች ሰው ባጠራቀመው ውኃ ውስጥ ስለሚራቡ፣ የጤና ባለሙያዎች በርሜልና ሮቶ እንዲከደን ይመክራሉ። ምክሩ ትክክል ነው። ዛሬ የማነሣው ግን ብዙም ያልተነገረለትን ጎን ነው፦ ክዳኑ ትንኝን ከመከልከል ባሻገር የውኃውን ኬሚካዊ ጠባይ ይወስናል።

ከብርሃን ልጀምር። ክሎሪን በውኃ ውስጥ በዋናነት በሁለት መልክ ይገኛል፦ በሃይፖክሎረስ አሲድና በሃይፖክሎራይት አዮን። ተሕዋስያንን በመግደል የሚበረታው አሲዱ ነው፤ ወደ ምድር የሚደርሰውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር አብልጦ የሚመጠው ግን አዮኑ ነው። ጨረሩን ሲመጥ ይፈርሳል፤ የሚበዛው እጅም ምንም የማይገድል ተራ ክሎራይድ ሆኖ ይቀራል። ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ ባረፈበት ጥርት ያለ ውኃ ውስጥ፣ ማረጋጊያ ያልተጨመረበት ነፃ ክሎሪን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ውኃው ለተጠቃሚው በሚደርስበት ቦታ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ነፃ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራል። 0.5 ይዞ ከቧንቧ የወጣ ውኃ ሁለት ጊዜ በግማሽ ሲቀንስ 0.125 ይሆናል። በርሜል ውስጥ ግድግዳው ስለሚያጠላ ሂደቱ ይዘገያል፤ በሳፋ ላይ ግን ምሳ እስኪበላ ድረስ እንኳ አይቆይም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጋዝ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝም ይኸው ነው። የከተማችን ውኃ ከሳቢያንና ከሌሎች የጉድጓድ መስኮች ይወጣል። አካባቢያችን ደግሞ የኖራ ድንጋይ አገር ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችንም ጥሬ ዕቃቸው ይኸው ድንጋይ ነው። ውኃው ከመሬት በታች ሳለ ከአየር ጋር ሲገናኝ ሊይዘው ከሚችለው የበለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አምቆ ይኖራል፤ በዚህም የተነሣ ኖራውን ያሟሟል። ባልተከደነ በርሜል ውስጥ ሲቀመጥ ጋዙ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ የሟሟው ኖራም ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል (ዝቃጩ ፒኤቹን በመጠኑ መልሶ ይስበዋል)። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የምትፍቁት ነጭ ቅርፊት ይኸው ነው፤ እሳቱ ሂደቱን ያፋጥነዋል እንጂ አልፈጠረውም።

ይህ ከክሎሪን ጋር ምን ያገናኘዋል? ፒኤች 7 ላይ ከነፃው ክሎሪን ሦስት አራተኛ ገደማው ብርቱው አሲድ ነው፤ ፒኤች 8 ላይ ግን አሲዱ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ክዳን የሌለው ውኃ በሁለት በኩል ይከስራል፦ ክሎሪኑ ወደ ደካማው መልክ ይለወጣል፣ ያው ደካማ መልክ ደግሞ ፀሐይ በቀላሉ የሚያፈርሰው ነው። ክዳን ብርሃኑን ይከላል፣ የጋዙንም መውጣት ያዘገያል።

በውጭ አገር በየጓሮው በሚተከሉት የሙቅ ውኃ መታጠቢያ ገንዳዎችም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። የአየር አረፋው ጋዙን ስለሚያባርር ገንዳው ሲሠራ ፒኤቹ ይወጣል፤ ሲከደን መውጣቱ ይዘገያል። ሆኖም ብዙ ክሎሪን ከተጨመረ በኋላ ገንዳው ለጥቂት ጊዜ ክፍት እንዲሆን ይመከራል፤ ከላብና ከሽንት የሚፈጠሩት ክሎራሚኖች ከክዳኑ ሥር ታፍነው ይከማቻሉና። በመጠጥ ውኃ በርሜል ውስጥ ይህ እምብዛም አያሳስብም።

ክዳን የማይችለውም አለ። ክሎሪን አያመርትም። በጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚመታው ጥቁር ሮቶ ብርሃን ባያስገባም ይሞቃል፤ ሙቀት ደግሞ ክሎሪን ከደለልና ከግድግዳው አተላ ጋር የሚያደርገውን ምላሽ ያፋጥናል። በከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚያነሡት ናይትሬትም ቢከደን ባይከደን አይቀንስም፤ ማፍላትማ ያከማቸዋል። እንግዲህ ውኃው እንደተቀዳ መክደን፣ ዕቃውን ጥላ ሥር ማኖር፣ ደለሉን አዘውትሮ ማጠብ ያስፈልጋል። ውኃው ቀናት ከቆየ ደግሞ እንደ ውኃ አጋር ያለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ጨምሮ፣ ከድኖ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል።

ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ከአንድ ቧንቧ ሁለት ባልዲ ቅዱ፤ አንዱን ክደኑ፣ ሌላውን ክፍት ተዉት፣ ሁለቱንም በቤተ ሙከራው ጣሪያ ላይ አኑሩ። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በየሰዓቱ ነፃ ክሎሪን፣ ፒኤችና ሙቀት ለኩ። ሦስተኛ ባልዲ ክፍት ሆኖ በጥላ ሥር ቢቀመጥ የብርሃኑን ድርሻ ከጋዙ ድርሻ ለመለየት ይረዳችኋል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።